ቫይብራኒየሙን ማን ቆፈረው? ዋካንዳን ላሊበላ ላይ ሆኖ ማንበብ

ባለፈው ገና ወደ ላሊበላ ስሄድ ለመንገድ ብዬ ታብሌቴ ላይ አንድ ግራፊክ ኖቭል ጭኜ ነበር። መንገድ ላይ አላነበብኩትም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቤት ስደርስ የእህቴ ልጅ ቀድሞኝ አገኘው። ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ሲያድግ አስጎብኚ መሆን ይፈልጋል፣ የአስጎብኚዎቹን ንግግር ከነቀልዱ በቃሉ ይዞታል። ሁለት ቀን ሙሉ ታብሌቱን አልለቀቀም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ያነብ ነበር። እናቴ በትከሻው በኩል አጮልቃ አየችና «ይሄ ደሞ ምንድነው? ድመት ነው ሰው?» አለች። «ንጉሥ ነው፣ እማማ» አላት። «ዘውዱስ?»

በሦስተኛው ቀን ጨርሶ መለሰልኝ። «እንዴት ነው?» አልኩት። «አሪፍ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆየና፣ «ግን ጋሼ፣ እነሱ እኮ ቫይብራኒየም አላቸው። እኛ የለንም» አለ።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ በዚያች ንግግር ምክንያት ነው። ልጁ ጥሩ አንባቢ ነው፤ ከመጽሐፉ የራሱን መደምደሚያ ይዞ ወጣ። የያዘው መደምደሚያ ግን «ድንቅ ነገር የሚሠራው ድንቅ ድንጋይ ያለው ሰው ነው» የሚል ሆነ። ይሄን ያለው ደግሞ ከቤተ ጊዮርጊስ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ አሁንም የድኅረ ምረቃ ጥናቴ በቁሶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አመመኝ። መጽሐፉን ተቀብዬ እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዤ። ቫይብራኒየሙን የሚቆፍረው ማን ነው?

አምሳ ዓመት የቆየ ሀገር

መጀመሪያ መጽሐፉን ላስተዋውቃችሁ። ርዕሱ በአማርኛ «ከእግራችን በታች ያለ ሀገር» እንደማለት ነው። የጻፈው አሜሪካዊው ጋዜጠኛና ደራሲ ታ-ነሃሲ ኮትስ ነው፤ ሥዕሉን በዋናነት የሠሩት ብራያን ስቴልፍሪዝና ክሪስ ስፕራውስ ናቸው። ማርቭል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀጫጭን ቁጥሮች አወጣው፤ 12 ቁጥር ሲሞላ በሦስት ቅጽ ተጠረዘ።

ብላክ ፓንተር ግን ከዚያ በፊት አምሳ ዓመት ኖሯል። ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሆን መጀመሪያ ብቅ ያለው «ፋንታስቲክ ፎር» በተባለው ኮሚክ 52ኛ ቁጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶን ማግሬጎር፣ ክሪስቶፈር ፕሪስት፣ ሬጂናልድ ሃድሊንና ሌሎችም እየተቀባበሉ ጽፈውታል። የረጅም ተከታታይ ታሪክ ጣጣው ይሄ ነው፤ አንዱን ቅጽ ስትከፍቱ የምትገቡት መሐል ላይ ነው። ሠርግ ቤት ዘግይቶ እንደመድረስ በሉት፤ ሁሉም ይተዋወቃል፣ እናንተ ብቻ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ አታውቁም። ምክሬን ከፈለጋችሁ አትጨነቁ፤ ዝምድናው ቀስ በቀስ ይገለጣል። ደግነቱ የመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ ያ የ1966ቱ ታሪክ እንዳለ ታትሟል። እኔ ብሆን ከኋላ ነበር የምጀምረው። እዚያ ውስጥ ንጉሥ ቲቻላ እንግዶቹን የሚቀበለው ዛፎቹ ሁሉ ማሽን በሆኑበት ጫካ ነው። አፍሪካ ሲባል ተራ ጫካ የጠበቁትን ሰዎች ሽቦና ብረት ይቀበላቸዋል። ለዚያ ዘመን ኮሚክ ይሄ ትልቅ ድፍረት ነበር።

የኮትስ ታሪክ የሚጀምረው ዋካንዳ ከተጎዳች በኋላ ነው። ጎርፍም ወረራም አልፎባታል። ንግሥት የነበረችው የቲቻላ እህት ሹሪ በሞትና በሕይወት መካከል ናት። ዶራ ሚላጄ ከሚባሉት የንጉሡ ሴት ዘቦች ሁለቱ፣ አዮ እና አኔካ፣ ከድተዋል። ቴቱ እና ዜንዚ የሚባሉ አመፀኞች ሕዝቡን እያነሳሱ ነው። ቻንጋሚሬ የሚባል ሽማግሌ መምህር ደግሞ አለ። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ጀርባ አንድ ጥያቄ ቆሟል፤ በዓለም ላይ እጅግ የመጠቀ ቴክኖሎጂ ያለው ሕዝብ ለምን በአንድ ሰው ይገዛል? ሌሎች የጀግና ታሪኮች ንጉሡ ጥሩ ሰው እስከሆነ ድረስ ይሄን ጥያቄ አያነሱም። ኮትስ አንስቶት ብቻ አልቀረም፤ በመጨረሻው ቅጽ ዋካንዳ የንጉሡ ሥልጣን የሚገደብባት፣ ሕዝቡ በምክር ቤት የሚወከልባት ሀገር ለመሆን ትነሳለች።

ድክመቱም እዚሁ ጋ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ያወራሉ። አመፀኛው፣ ወታደሯ፣ ንግሥት እናቲቱ፣ ሁሉም አንድ ዲፓርትመንት ያስተማራቸው ይመስል በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚናገሩት። መጽሐፉን ብዙ ቦታ ላይ የሚያድነው ሥዕሉ ነው። ስቴልፍሪዝ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሥራ ይሰጠዋል፤ የእጅ ዶቃው እንኳ ስልክም ኮምፒውተርም ነው። የሚሠራ ዕቃ የሚስል ሰው ደስ ይለኛል።

«ዋካንዳ እኛ ነን» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይፈረድም። በማርቭል ካርታዎች ላይ ቦታዋ ቢዘዋወርም ምሥራቅ አፍሪካን አትለቅም፤ አንዳንዴ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ማለትም ደጃችን ላይ ናት። ቅኝ አልተገዛችም፣ የቆየ ዘውድ አላት፣ ተራራ አላት። በ2018ቱ ፊልም ላይ አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሳህን ከኛው ሙርሲና ሱርማ የተወሰደ ነው። ዓድዋን እየሰማ ያደገ ሰው ይሄን ሁሉ ሲያይ ደረቱን ቢነፋ አልገረምም፤ እኔም ነፍቻለሁ። ግን ይሄኛው መመሳሰል ደስ ከማሰኘት በቀር ብዙ አያስተምረንም። የበለጠ የሚያስተምረን ሌላ መመሳሰል አለ። እሱ ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ብረቱን እንመርምር።

ምቱ የት ይሄዳል?

ቫይብራኒየም በታሪኩ ውስጥ ከሰማይ የወደቀ ብረት ነው። ንዝረትንና ምትን ይውጣል፣ ጉልበቱንም በውስጡ ያከማቻል። የቲቻላ ልብስ ከሱ ስለተሠራ የመጣበትን ምት ውጦ መልሶ ይተፋዋል። ይቻላል? እስቲ እናስላው።

አንድ የሽጉጥ ጥይት 8 ግራም ትመዝናለች፣ በሴኮንድ 360 ሜትር ትበራለች እንበል። የእንቅስቃሴ ጉልበቷ የግዝፈቷና የፍጥነቷ ካሬ ብዜት ግማሽ ነው፤ ወደ 518 ጁል። 30 ጥይት ቢተኮስበት 15,500 ጁል ገደማ ይሆናል። ያስፈራል? ብዙም አያስፈራም። ልብሱ 5 ኪሎ ቢመዝንና ሙቀት የመያዝ ችሎታው እንደ ተራ ብረት ቢሆን፣ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ተቀይሮ ልብሱን የሚያሞቀው በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ጃኬት ከዚያ በላይ ይሞቃል።

የሚያስቸግረው ሞመንተም ነው። ጉልበት መልኩን ይቀይራል፤ ሙቀት፣ ድምፅ፣ ብርሃን መሆን ይችላል። ሞመንተም ግን እንዲህ ዓይነት ማምለጫ የለውም። ጥይቷ ልብሱ ላይ ስትቆም የነበራት ሞመንተም በሙሉ ወደ ለባሹ ይተላለፋል፤ ብረቱ የፈለገውን ያህል ተአምረኛ ቢሆን ይሄን መዋጥ አይችልም። ቲቻላ 90 ኪሎ ቢመዝን እያንዳንዷ ጥይት በሴኮንድ 3 ሴንቲሜትር ያህል ትገፋዋለች። 30ዎቹ አንድ ላይ ቢመቱት ግፊቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ማለት ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ልብሱ ፈተናውን አልፏል። እኔም ስጀምር ይወድቃል ብዬ ነበር።

ፈተናውን የወደቀው ማዕድን ማውጫው ነው። አስቡት፤ ምትን ሁሉ የሚውጥ ብረት በምን ትቆፍሩታላችሁ? ዶማ ሲያርፍበት ምቱን ይውጠዋል። መሮና መዶሻም ያው ነው። ድማሚት ራሱ ንዝረት ነው። የመቆፈሪያ መሣሪያ ሁሉ የሚሠራው ጉልበትን ጠባብ ቦታ ላይ አሰባስቦ ቁሱን በመስበር ነው፤ ይሄ ብረት ደግሞ ሥራው አለመሰበር ነው። እንግዲህ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ የዋካንዳ ሰው መላ አግኝቷል ማለት ነው። ምናልባት ብረቱን ሳይነካ በዙሪያው ያለውን ተራ አለት እየፈለፈለ እንክብሉን ነቅሎ አወጣው። ምናልባት በእሳት አለሳለሰው። ምናልባት ሳይመታ ቀስ ብሎ በመጭመቅ ቆረጠው። ያ ሰው፣ ወይም ያቺ ሴት፣ የዋካንዳ የመጀመሪያዋ ሳይንቲስት ናት። እኔ ባነበብኩት ውስጥ ስሟንም መሣሪያዋንም አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ይሄ አመል የማርቭል የቆየ አመል ነው። የካፒቴን አሜሪካ ጋሻ ከቫይብራኒየምና ከብረት ቅልቅል የተሠራ ነው። በኮሚኩ ታሪክ የሠራው ሳይንቲስት ማይሮን ማክሌን ሙከራው ላይ ሳለ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ሁለቱ ብረቶች ተዋሕደው ያገኛቸዋል። እንዴት እንደሆነ አያውቅም፣ ሊደግመውም አልቻለም። በዓለም ላይ ያለው ምርጥ ጋሻ የተሠራው ሠሪው ተኝቶ እያለ ነው! ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ናሙና ለማዋሐድ ወራት የፈጀበት ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም።

ስም የሌላቸው

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ኮትስ ለመሆኑ ማዕድን ቆፋሪዎቹን ረስቷቸዋል? መጀመሪያ ላይ አልረሳም፤ ይሄን ያደነቅኩትን ያህል መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ያደነቅኩት ነገር የለም። የመጀመሪያው ቁጥር የሚከፈተው «ታላቁ ጉብታ» በሚባለው የቫይብራኒየም ማዕድን ላይ ነው። ቲቻላ ሠራተኞቹን ሊያመሰግን መጥቷል። ሠራተኞቹ ይነሱበታል። ወታደሮች ይተኩሳሉ። ጀግናው በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚዋጋው ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ጭራቅ ጋር ሳይሆን ከገዛ ሀገሩ ላብ አደሮች ጋር ነው። ርዕሱም የተወሰደው ከታሪክ ምሁሩ ስቲቨን ሃን መጽሐፍ ነው፤ እሱ መጽሐፍ ደግሞ የሚናገረው በአሜሪካ ደቡብ ገጠር ስለነበሩ ጥቁሮች፣ በባርነት ዘመንና ከባርነት በኋላ ራሳቸውን እንዴት በፖለቲካ እንዳደራጁ ነው። «ከእግራችን በታች» ያለው ሀገር የነሱ ነው ማለት ነው።

ከዚያስ? ዓይናቸው አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ እናያለን። ዜንዚ የምትባለዋ አመፀኛ በተሰጥኦዋ ቁጣቸውን አቀጣጥላው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ሠራተኛው ለምን ተቆጣ? ስንት ይከፈለዋል? ጉድጓዱ ሲደረመስ ማን ያወጣዋል? መልሱ «አስማት ነው» ሆነ። እርግጥ ኮትስ ለራሱ መከላከያ አለው፤ ዜንዚ ያልነበረ ቁጣ አትፈጥርም፣ ውስጥ ያለውን ነው የምታወጣው። ይሁን። ውስጣቸው ምን እንደነበረ ግን ከነሱ አፍ አልሰማሁም። ታሪኩ ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ዘቦቹ፣ ወደ ፈላስፋው ይሄዳል፤ አንድ ማዕድን ቆፋሪ በስሙ ተጠርቶ የራሱን ነገር ሲናገር ጠብቄ ጠብቄ አጣሁ።

ኮትስ ግን ነገሩ የከነከነው ይመስለኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከሠዓሊው ዳንኤል አኩኛ ጋር አዲስ ታሪክ ሲጀምር ወደ ጠፈር ሄደ። ከ2000 ዓመት በፊት ከዋካንዳ የወጡ ሰዎች በጠፈር ዳርቻ መሠረቱት የተባለ ሰፈር አድጎ አምስት ጋላክሲ የሚገዛ ኢምፓየር ሆኗል። ኢምፓየሩ ቫይብራኒየሙን የሚያስቆፍረው በባሪያዎች ነው። እነዚህ ባሪያዎች «ስም አልባዎቹ» ይባላሉ፤ ትዝታቸው ተወስዶ በኢምፓየሩ መዝገብ ውስጥ ተከማችቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምናገኘው ጀግና ጉድጓድ ውስጥ ያለ አንድ ስም አልባ ቆፋሪ ነው። ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሳይንስ ልብወለድ ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ እውነተኛ ነገርን ትንሽ ገፋ አድርጎ እንድናየው ያደርገናል። የሠራተኛን ስምና ትዝታ መውሰድ ማሽን አያስፈልገውም፤ ማንም ሳይጽፈው ሲቀር ራሱ ይወሰዳል።

ችግሩ፣ ታሪኩን ያላነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ያ ስም አልባ ቆፋሪ ማን ሆኖ ተገኘ? ንጉሥ ቲቻላ። ትዝታውን የተቀማ ንጉሥ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ኮትስ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ የወጣው ዘውድ ነው። እርግጥ መጽሐፉ «ብላክ ፓንተር» ይባላል፤ አምሳ ዓመት የቆየ ገጸ ባሕርይ ባለቤት ድርጅት አለው፣ ደራሲው እንደፈለገ አይጥለውም። ይገባኛል። ግን የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ብረቱን አየ፣ ንጉሡን አየ፣ በመካከል ያለውን እጅ አላየም። ስለዚህ «የለንም» አለ።

ከላይ ወደ ታች

ያልኳችሁ መመሳሰል ይሄ ነው፤ እኛም ላሊበላ ላይ እጁን አናይም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቤተ ክርስቲያናቱን ካየ በኋላ ብዙ ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ ነበር። ከሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ጸሐፊዎች የአውሮፓ ፈረሰኞችን ሠሪ አደረጉ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን አሉ። ለማንም ይሰጣል፣ ለላስታ ሰው አይሰጥም።

«መላእክትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴን ጠይቄያት ነበር። በገድሉ ታሪክ ንጉሡ የብረት መሣሪያ ያሠራል፣ ሠራተኛ ይሰበስባል፣ ደመወዝ ይከፍላል፤ ቀን ሰው ይሠራል፣ ሌሊት መላእክት ይጨምሩበታል። «ታዲያ» አለችኝ እናቴ፣ «ቀን ያልሠራ ሰው ሌሊት ምን ይጨመርለታል?» አስተውሉ፤ ገድሉ ሠራተኛ፣ መሣሪያና ደመወዝ አለው። በዚህ በኩል ከማርቭል ይበልጣል።

ከልጁ ጋር ቤተ ጊዮርጊስ ሄድን። አፋፉ ላይ ቆመን በእርምጃ ለካን። ጉድጓዱ በጎኑ ከ20 ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ። ለስሌት እንዲመች 20 በ20 በ12 አልን፤ 4,800 ሜትር ኩብ። መሐል ላይ የቀረው ሕንፃ መስቀል ቅርጽ ነው፣ ወደ 1,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ስለዚህ ውስጡን ሳንቆጥር ተፈልፍሎ የወጣው አለት 3,800 ሜትር ኩብ ነው። «በሲኖትራክ ስንት ነው?» አለኝ። አንዱ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል 240 ምልልስ ያህል። ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ፤ የበለጠ ጠብቆ ነበር። አሁን ሰው እናስገባ። አንድ ሰው በቀን ሩብ ሜትር ኩብ ቢያወጣ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው፣ 15,200 የሰው ቀን ይፈጃል። 50 ሰው ቢሠራ 304 ቀን። የኛን በዓላት ብዛት ታውቃላችሁ፤ ዓመት ተኩል በሉት። ጥርቡና ውስጡ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ግን ተአምረኛ ብረት የሚጠይቅ ቁጥር አይደለም። 50 ሰው፣ መሮ፣ ዶማ፣ ቅርጫትና የሚበሉት እህል ነው።

ከባዱ ነገር መቆፈሩ አይደለም። ግንብ ስትሠሩ ስሕተት ቢፈጠር አፍርሳችሁ ትደግማላችሁ። ውቅር ሥራ ላይ ግን የተቆረጠ አይመለስም። ደግሞ የሚጀመረው ከጣሪያው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ሲጠረብ መስኮቱም በሩም ወለሉም ገና አለት ናቸው፤ ጠራቢው በጭንቅላቱ ይዟቸዋል። አለቱም ቢሆን በዘፈቀደ የተገኘ አይደለም። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በመሮ ለመፈልፈል የሚለሰልስ፣ ሲፈለፈል ግን ራሱን ችሎ የሚቆም። ይሄን ለይቶ ማወቅ ቁስ ሳይንስ ነው። የሚያለሰልሰው ያ ቀዳዳ ግን ውሃ ያስገባል። ለዚህ ነው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ያለው፣ ለዚህ ነው ጣቢያው ሁሉ በውሃ መውረጃ ቦይ የተሞላው።

ውሃው ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ዋካንዳ ውስጥ ጥገና የሚባል ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከተማዋ በአንዱ ቅጽ ትፈርሳለች፣ በሌላው አንጸባራቂ ሆና ትጠብቃችኋለች። ላሊበላ ላይ እንዲህ ዓይነት ቀጣይ ቅጽ የለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከዝናብ ለመከላከል ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው ተብለው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ የከተማው ሰው የብረቱ ክብደትና ንፋሱ ያሳሰበው ጀመር፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አደባባይ ወጥቶ መፍትሔ ጠየቀ። ኢንጂነሮች ምን መሠራት እንዳለበት ይከራከራሉ፤ እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ፣ እሱን ሌላ ጊዜ። ለአሁኑ የምፈልገው፣ አንድ ደራሲ ስለ ስንጥቅና ስለ ጥገና ሳይንስ ልብወለድ እንዲጽፍልኝ ነው። በአማርኛ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጣ ጀግናው ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ምሩቅ ነበር፤ ንጉሥ አልነበረም። መንገዱ ተከፍቷል።

ታዲያ «ከእግራችን በታች ያለ ሀገር»ን አንብቡ እላችኋለሁ? አዎ፣ አንብቡ። የ1966ቱን ከኋላ ጀምሩ፣ ከዚያ የማዕድኑን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ከቻላችሁ ወደ ጠፈሩ ታሪክ ተሻገሩ። ሥዕሉ ውስጥ የሚሠራ እጅ ስታጡ ገጹ ላይ ቆም በሉ።

ማታ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። አራት ሳጥን አሥምሯል። ጠራቢ ሊስል ነው። ከየት እንደሚጀምር ጠየቀኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. የላሊበላን አሠራር ቅደም ተከተል ያጠኑ ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች የጻፉትን ነገርኩት፤ ግንብ ላይ አሮጌው ከታች ነው፣ አዲሱ ከላይ ይደረባል። ውቅር ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ከላይ ነው፣ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አዲስ ይሆናል።

«እንደ ኮሚክ ገጽ» አለ።

የላይኛው ሳጥን ውስጥ ገና ምንም ያልተነካ ሜዳ ሣለ፤ መሐሉ ላይ መሮ የያዘ አንድ ሰው። ስሙን ማን እንበለው ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ የአያቱን ስም ጻፈበት።